ፎቶው ደርሶናል፤ ካርታው የት አለ?

ሶማሌ ተራ ካሉት የመኪና መለዋወጫ መደብሮች በአንዱ ደጃፍ ለጥቂት ደቂቃ የቆመ ሰው፣ ያገለገለ ዕቃ እንዴት እንደሚገዛ ማንም ሳያስተምረው ይማራል። ሞተሪኖ ሊገዛ የመጣው ሾፌር ዕቃውን አንስቶ በእጁ ይመዝነዋል፤ ጥርሱን በጣቱ ይዳብሳል፤ "ከየትኛው መኪና ላይ ነው የወረደው?" ብሎ ይጠይቃል። ከባትሪ ጋር ተያይዞ ሲዞር ካላየና ድምፁን ካልሰማ ገንዘቡን ከኪሱ አያወጣም። ሻጩም በዚህ አይቆጣም። የገበያው ደንብ መሆኑን ሁለቱም ያውቁታልና ሽቦውን አምጥቶ ያያይዝለታል።

ይኸው ሰው ቤት ሊገዛ ሲነሣ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ለአንድ ሞተሪኖ ግማሽ ቀን የተከራከረው ነጋዴ፣ ስንት ዓመት ያጠራቀመውን ገንዘብ የዕቁብ ዕጣውን ጨምሮ፣ በስልኩ ላይ ለተመለከተው የአንድ ደቂቃ ተንቀሳቃሽ ምስል ቅድመ ክፍያ ብሎ ሲሰጥ አይተናል። ሞተሪኖው ቢያንስ በዓይን የሚታይ ነበር። ቤቱ ግን ገና መሠረቱ አልተቆፈረም። ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ጽሑፍ ልናነሣ የፈለግነው ጉዳይ ይኸው ነው፤ ቴሌግራም፣ ፌስቡክና ቲክቶክ የቤት ገበያውን እንዴት እንደለወጡት፣ ምኑን እንዳቀለሉልን፣ ምኑን ደግሞ እንዳለ ለእኛ እንደተዉት።

በመጀመሪያ የነበረውን እናስታውስ። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገ በኋላ፣ አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ ሊኖረው አይችልም፤ ቤት ማከራየትም ለግለሰብ ክልክል ሆነ። በዚያ ዘመን ስለ ቤት የሚያውቀው ቀበሌውና የኪራይ ቤቶች መሥሪያ ቤት ነበር። ከ1983 በኋላ ገበያው ሲከፈት፣ የገበያው ዋና ሰው ደላላ ሆነ። ደላላው ቢሮ አልነበረውም፤ ሻይ ቤት ተቀምጦ፣ ማን ሊሸጥ እንዳሰበ፣ የማን ልጅ ከውጭ እንደመጣ፣ የትኛው ሱቅ ቁልፍ እንደሚለቀቅ በአእምሮው ይዞ የሚኖር ሰው ነበር። ሀብቱ ወሬው ነው። ወሬውን ሌላው ሰው ባወቀው ጊዜ ሁለት በመቶዋ ትቀራለች። ስለዚህ ገዢና ሻጭ እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ እንዳይተዋወቁ ይጠነቀቃል። ከዚህ ውጪ የነበረው ማስታወቂያ በጋዜጣ የሚወጣ ጥቂት መስመር፣ በመብራት ምሰሶ ላይ የተለጠፈ ወረቀት፣ ወይም በበሩ ላይ በቀለም የተጻፈ "ይህ ቤት ይሸጣል" የሚል ጽሑፍ ነው። ("ይህ ቤት አይሸጥም" የሚለው ጽሑፍም በየሰፈሩ መኖሩ የዚያን ገበያ ጠባይ በደንብ ይናገራል።)

እንግዲህ ስልኩ መጀመሪያ የመታው ይህንን የተደበቀ ወሬ ነው። ዛሬ በአንድ የቴሌግራም ቻናል ውስጥ የቤቴል ጂ+1፣ የጀሞ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም፣ የሰሚት አፓርታማ፣ የአየር ጤና ጅምር ቤት አንዱ በአንዱ ላይ ተደርድረው ይታያሉ። ካሬው፣ ዋጋው፣ "ካርታው ያለቀለት"፣ "መጠነኛ ድርድር አለው"፣ ከታች ደግሞ የስልክ ቁጥር። ድሮ ደላላው በሳምንት ሦስት ቤት ያሳይ ከነበረ፣ አሁን አንዲት እናት ምሳ እስኪበስል ድረስ ሠላሳ ቤት ታያለች።

በመርካቶ ረጅም ዘመን በድለላ የኖሩ አንድ አዛውንት ስለዚህ ጉዳይ ጠይቀናቸው ነበር። "ኡስታዝ፣" አሉን፣ "ድሮ ሰው ነበር እኔን የሚፈልገኝ። አሁን እኔ ነኝ ሰው የምፈልገው፤ እሱንም በልጄ ስልክ ነው።" እንዴት ነው ታዲያ ገበያው ብንላቸው፣ "እኔ ቤቱን አሳያለሁ፤ እሱ ፎቶውን ያሳያል፤ ሰዉ መጀመሪያ የሚያየው ግን የእሱን ነው" ብለው ሣቁ። ልጃቸው በእውነትም ጎበዝ ነው። ስልኩን በዘንግ ላይ ሰክቶ ከበሩ ጀምሮ እያወራ ይገባል፤ ሳሎኑን ያዞራል፤ ኩሽናውን ይከፍታል፤ ሰገነቱ ላይ ወጥቶ ሰፈሩን ያሳያል።

በዚህ ለውጥ የተጠቀመ የለም ማለት ግን ሐቅን መካድ ነው። ከሁሉ በፊት የተጠቀመችው፣ እንደኛ አስተያየት፣ የቤት እመቤቲቱ ናት። በፊት ደላላው የሚጠራው ባልን ነው። እሱ ሄዶ ያያል፤ ተመልሶ "ጥሩ ቤት ነው፣ ሰፊ ነው" ይላታል፤ እሷ ውኃው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ ኩሽናው ጭስ ማውጫ እንዳለው፣ ልጆች የሚጫወቱበት ደጅ እንዳለ የምታውቀው ዕቃ ተጭኖ ከተገባ በኋላ ነበር። ዛሬ ምስሉ በቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ይገባል። እሷ ኩሽናውን ታያለች፣ እናቷ ደረጃው ይበዛል ትላለች፣ እህቷ ከጅዳ ሆና "ሽንት ቤቱ በየት በኩል ነው?" ብላ ትጠይቃለች። በአንድ ሰው ዓይን የሚወሰን የነበረው ጉዳይ የቤተሰብ ሹራ ሆኗል ማለት ነው። ሌላው ጥቅም ዋጋ ማወዳደር መቻሉ ነው። ሁለት ክፍል ቤት በአለም ባንክ ስንት፣ በሳሪስ ስንት እንደሚከራይ ለማወቅ እንደ እኛ ያለው የመምህር ደመወዝተኛ ቅዳሜውን ሙሉ በእግሩ መዞር አያስፈልገውም።

ከአገር ውጭ ላሉት ወገኖቻችን ደግሞ ነገሩ ከዚህ ይበልጣል። በሪያድ ወይም በኩዌት ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እህት፣ ገንዘቧን ለማን ልካ ምን እንደሚሠራላት የምታውቀው በዘመድ አፍ ብቻ ነበር። አሁን ራሷ ታያለች፣ ራሷ ትጠይቃለች። ነገር ግን ይህች እህት ቤቱን መጥታ መንካት አትችልም። ያላት ምስሉና የወከለችው ሰው ብቻ ነው። በመሆኑም በዚህ ገበያ ውስጥ ስልኩ ከሁሉ ይበልጥ የጠቀመውም፣ ከሁሉ ይበልጥ ለአደጋ ያጋለጠውም እሷን ነው።

ለመሆኑ ገበያው በስልክ ላይ ምን ያህል እንደተንጠለጠለ የታየው መቼ ነው ቢባል፣ በ2015 ነው። ከየካቲት እስከ ሐምሌ ወር ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በአገራችን ተገድበው በነበረበት ጊዜ፣ ቪፒኤን የሚባለውን ማለፊያ ያልጫነ ደላላ ማግኘት ያስቸግር ነበር። አዛውንቱ ደላላ ያንን ጊዜ በደስታ ነው የሚያስታውሱት፤ "ስልኬ እንደገና መጮህ ጀምሮ ነበር" ይላሉ።

ወደ ሪል ስቴቶቹ እንምጣ። እዚህ ላይ ማስታወቂያው የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው፤ ስለዚህም ትንሽ ዘርዘር አድርገን ብናየው ይጠቅማል። ካስተማርናቸው ልጆች አንዱ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሥራ ሲያጣ በአንድ የቤት ገንቢ ድርጅት በሽያጭ ሠራተኛነት ገባ። እንዳጫወተን ከሆነ ዋናው ገቢው ደመወዝ ሳይሆን ኮሚሽን ነው። "ቲቸር፣ ቢሮው ቪዲዮውን ይልክልናል፣ እኛ በየገጻችን እንለጥፋለን። አንድ ቪዲዮ በመቶ ሰው ስም ይወጣል" አለን። በምስሉ ሥር "ዋጋ?" ብሎ የጻፈ ሰው ሁሉ ስሙ ይመዘገባል፤ ከዚያ ይደወልለታል። ካላነሣ ይደገማል። እሱ ያላሳመነው ሰው ለሌላው ይተላለፋል። "ከገዢዎቹ ውስጥ የግንባታ ፈቃዱን አሳየኝ ያለህ አለ?" ብለን ጠየቅነው። ጥቂት አሰበና "ስለ ቅናሹ ነው የሚጠይቁት" አለ።

ከዚህ ላይ ስልኩ ራሱ ያለው ጠባይ ይጨመራል። እነዚህ መገናኛዎች ሰው የቆየበትን ነገር አይተው ያንኑ የሚመስል የሚያቀርቡ ናቸው። አንድ ቀን የአፓርታማ ምስል እስከ መጨረሻው የተመለከተ ሰው፣ ሳምንቱን ሙሉ አፓርታማ በአፓርታማ ይሆናል። ሰውየው ግን የሚመስለው ከተማው በሙሉ ቤት እየገዛ እሱ ብቻ የቀረ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተተወ ወዲህ ደግሞ ብር በእጁ ማቆየት የፈራ ሰው በርክቷል። "ዛሬ ካልገዙ ነገ በዚህ ዋጋ አያገኙትም"፣ "የቀሩት አምስት ቤቶች ብቻ ናቸው" የሚለው ቃል የሚያርፈው በዚህ ፍርሃት ላይ ነው። አምስቱ ቤቶች በሚቀጥለው ወርም አምስት ሆነው ስናገኛቸው ጊዜ መገረማችንን ትተናል።

ምስሉስ ቢሆን የምን ምስል ነው? ብዙውን ጊዜ በካሜራ የተነሣ ሳይሆን በኮምፒዩተር የተሣለ ነው። በሥዕሉ ላይ ዛፉ አድጓል፣ መዋኛው ውኃ ሞልቷል፣ በረንዳው ላይ ሰው ቡና ይጠጣል። በቦታው ላይ ግን የቆርቆሮ አጥር ነው ያለው። ሥዕሉ በራሱ ሐሰት ነው አንልም፤ መሐንዲስም ፕላን ይሥላል። ልዩነቱ መሐንዲሱ የሠራው ፕላን ስፋቱንና ውፍረቱን በቁጥር መጻፉ ነው። ማስታወቂያው የሚለው "ቅንጡ" ነው። ቅንጡ ስንት ሳንቲሜትር ነው? በእስልምና የንግድ ሕግ ውስጥ ኢስቲስናዕ የሚባል፣ ገና ያልተሠራን ነገር አሠርቶ ለመግዛት የሚፈቅድ የውል ዓይነት እንዳለ ዑለሞቻችን ያስተምሩናል፤ ነገር ግን የሚሠራው ነገር ዓይነቱ፣ መጠኑና ጥራቱ ጥርጥር በማያስገባ ሁኔታ እንዲገለጽ፣ ዋጋውም እንዲታወቅ ይጠይቃሉ። የቲክቶኩ "ቅንጡ" ይህንን ፈተና አያልፍም።

ያልተሠራ ቤት መሸጥ በቴሌግራም የመጣ ነው ብሎ የሚያስብ ካለ፣ የአክሰስ ሪል ስቴትን ጉዳይ ማስታወስ ይበቃዋል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ ከ2,000 የሚበልጡ ሰዎች ቤት እንገዛለን ብለው ለዚህ ድርጅት ገንዘብ ከፍለው፣ ቤታቸውን ሳይረከቡ ለዓመታት ሲንከራተቱ አገር ያወቀው ጉዳይ ነው። በአገራችን ያኔ ቴሌግራምም ቲክቶክም የቤት መሸጫ አልነበሩም። ሰዎቹ የተማመኑት በማስታወቂያና በታወቀ ስም ነበር። እንግዲህ ክፍተቱ የቆየ ነው። የተለወጠው ፍጥነቱ ነው፤ ያን ጊዜ ገዢው ቢያንስ ቢሮ ድረስ ሄዶ፣ ሰው አማክሮ፣ አንድ ሁለት ቀን አድሮ ነበር የሚፈርመው። አሁን ገንዘቡን በስልኩ ለማስተላለፍ ከተቀመጠበት መነሣት አያስፈልገውም።

ኮምፒዩተር ስለገባበት ብቻ ነገሩ ታማኝ ይሆናል የሚሉም አሉ። ሐምሌ 1 ቀን 2014 የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር የ25,491 ኮንዶሚኒየም ቤቶችን ዕጣ በኮምፒዩተር አወጣ። ዕድለኞቹ እልል ብለው ሳይጨርሱ፣ መረጃው ላይ የሰው እጅ ገብቶበታል ተብሎ ዕጣው ተሰረዘ፤ እንደገና የወጣውም በሚቀጥለው ዓመት ኅዳር ላይ ነው። ለዓመታት የቆጠቡ ቤተሰቦች በአንድ ሳምንት ውስጥ ቤት አግኝተው ቤት ያጡበትን ያን ሰሞን የሚረሳው ያለ አይመስለንም።

በሌላው ዓለምም ነገሩ ያው ነው። በአሜሪካ ዚሎ የሚባለው የታወቀ የቤት መፈለጊያ ድረ ገጽ ለእያንዳንዱ ቤት ዋጋ በኮምፒዩተር ገምቶ ያሳያል። በዚህ ግምት ተማምኖ ራሱ ቤቶችን እየገዛ መሸጥ ጀመረና፣ በ2021 እ.ኤ.አ. ከባድ ኪሣራ ደርሶበት ይህንን ሥራ ዘጋ፤ ከሠራተኞቹም ሩቡን ያህል አሰናበተ። በቻይና ኤቨርግራንዴ የሚባለው ግዙፍ ገንቢ በዚያው ዓመት ዕዳውን መክፈል ሲያቅተው፣ ብዙ ሰው የገዛው ቤት ሳያልቅ ቆሞ ቀረ፤ በተከታዩ ዓመትም በልዩ ልዩ ከተሞች ያልተጠናቀቀ ቤት የገዙ ሰዎች የባንክ ክፍያ አንከፍልም ብለው ተነሡ። የመርካቶ ነጋዴ ሱቁን ያህል የሚያውቃት ዱባይ ደግሞ ቀደም ብላ በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ፣ ገና ላልተሠራ ቤት የሚከፈል ገንዘብ ለግንባታው ብቻ በሚወጣ ልዩ የባንክ ሂሳብ እንዲቀመጥ አዘዘች። የቤት ማስታወቂያም ያለ ፈቃድ ቁጥር አይወጣም። ዴራ ሄዶ ዕቃ የሚጭን ነጋዴያችን ይህንን እዚያ ሲያይ ያደንቃል። አዲስ አበባ ሲመለስ ግን የማስታወቂያውን ባለቤት ስም እንኳ አይጠይቅም።

በእኛም አገር ሕግ የለም ማለት አይቻልም። በ2004 የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። በ2017 ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሪል ስቴት ልማትና ግብይትን የሚመለከት አዋጅ አጽድቋል፤ ከዓላማዎቹ አንዱ ገንቢው መሬትና የግንባታ ፈቃድ በእጁ ሳይዝ የሰው ገንዘብ እንዳይሰበስብ፣ የተሰበሰበውም በዝግ ሂሳብ እንዲጠበቅ ማድረግ ነው። ለተከራይም ቢሆን በ2016 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320 አለ፤ ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ይሁን እንጂ ዛሬም "የስድስት ወር ቅድሚያ" ብለው በግልጽ የሚለጥፉ ቻናሎችን እናያለን። ተከራዩም ሕጉን ስለማያውቅ ወይም ቤቱን እንዳያጣ ስለሚፈራ ይከፍላል።

አሁን ደግሞ ለቤተሰብ ገጽ የሚስማማ፣ ግን ብዙም የማይነገር ጉዳይ እናንሣ። በስልክ የሚወጣው ቤት የማን ነው? ፎቶ ማንሣት የሚችል ሁሉ ባለቤት አይደለም። አባት ሞቶ ውርሱ ሳይከፋፈል፣ ትልቁ ልጅ የአባቱን ቤት ፎቶ አንሥቶ ለደላላ ይልካል፤ ያገቡት እህቶቹ የአባታቸው ቤት እየተሸጠ መሆኑን የሚሰሙት ጎረቤት ባስተላለፈላቸው የቴሌግራም ማስታወቂያ ነው። ከእነዚህ እህቶች አንዷን አነጋግረናል። "ፎቶው ላይ የእናቴ ምንጣፍ ነበረ፤ ያወቅሁት በምንጣፉ ነው" ብላናለች። አላህ በቁርኣኑ ድርሻዋን ወስኖ የሰጣት ሴት፣ ድርሻዋን ከማስታወቂያ ላይ ፈልጋ ማግኘቷ ከኛ ማኅበረሰብ የማይጠበቅ ነገር ነበር። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ግን ስልኩ የበደሉን ያህል ረድቷልም፤ ማስታወቂያው ባይወጣ ኖሮ ሽያጩን የምታውቀው ካለቀ በኋላ ነበር። ሽማግሌ ገባ፤ ሽያጩ ቆመ፤ ከዚያም የወራሽነት ማስረጃ ለማውጣት ሁሉም ተስማምተው ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ሄዱ። ሊገዛ የነበረው ሰው የከፈለውን ቀብድ ለማስመለስ ግን ብዙ ተመላልሷል።

በትዳር ውስጥም ተመሳሳይ ነገር አለ። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የባልና ሚስት የጋራ የሆነ ቤት ለመሸጥም ሆነ ለማከራየት የሁለቱን ስምምነት ይጠይቃል። ባል ብቻውን ያወጣውን ማስታወቂያ አይቶ ቀብድ የሰጠ ገዢ፣ ሚስት "እኔ አልሸጥም" ያለች ቀን ምን ሊል ነው? ስለዚህ ለደላላው ከሚቀርቡት የመጀመሪያ ጥያቄዎች አንዱ "ባለቤቱ አግብቷል ወይ?" የሚል ቢሆን መልካም ነው። ነገሩ ነውር መስሎ የሚታየው ካለ፣ ከክርክሩ ይልቅ ጥያቄው ይቀላል እንለዋለን።

ለመሆኑ ማጣራቱ ይህን ያህል ከባድ ነው? አይደለም። አድካሚ ግን ነው፤ ስልኩም ይህንን ድካም አልቀነሰም። ካርታው በማን ስም እንደሆነ፣ ዕዳና እገዳ እንዳለበትና እንደሌለበት የሚታወቀው ቤቱ ባለበት ክፍለ ከተማ የመሬት ልማትና አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ነው። የካርታው ፎቶ ኮፒ በቴሌግራም መጣ ማለት ካርታው ታየ ማለት አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1723 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት መደረግ አለበት፤ ሕዝቡ "ውልና ማስረጃ" የሚለው መሥሪያ ቤት ማለታችን ነው። በሦስት ምስክር ፊት በሻይ ቤት የተፈረመ ወረቀት፣ ምስክሮቹ የቱንም ያህል የተከበሩ ሐጂዎች ቢሆኑ፣ ይህንን አይተካም። ውጭ ያለችው እህትም ውክልና ስትሰጥ "ሁሉን እንዲያደርግልኝ" ከምትል፣ የትኛውን ቤት፣ በምን ዋጋ፣ በማን ስም እንደሚገዛላት ለይታ ብታጽፍ ከብዙ ጣጣ ትድናለች።

በባንክ በኩል ለሚገዙትም አንድ ነገር እንበል። በ2013 ሥራ የጀመረው ዘምዘም ባንክና እሱን የተከተለው ሒጅራ ባንክ፣ እንዲሁም ሌሎች ባንኮች የከፈቷቸው ከወለድ ነፃ መስኮቶች፣ ሙራበሓ በሚባለው አሠራር ይሠራሉ። በዚህ አሠራር ባንኩ ንብረቱን ራሱ ገዝቶ፣ ትርፉን አሳውቆ ነው ለደንበኛው የሚሸጠው። የራሱን ገንዘብ ስለሚያወጣ ካርታውን ያስመረምራል፣ ቤቱን በባለሙያ ያስገምታል። ወረቀቱ አሰለቸን ብለው የሚያማርሩ ሰዎች አጋጥመውናል። ያ አሰልቺ ወረቀት እኮ ለሞተሪኖው የምናደርገው ምርመራ ነው።

ደላሎቹን ሁሉ በአንድ ሚዛን እንዳንመዝን ደግሞ አንድ ያየነውን እንጨምር። የአዛውንቱ ልጅ ባለፈው ዓመት አንድ ነገር ለወጠ። በእያንዳንዱ ምስል ላይ የተነሣበትን ቀን ይጽፋል፤ ካርታው በሻጩ ስም መሆን አለመሆኑን ይናገራል፤ ቤቱ ሲሸጥ ማስታወቂያውን ያጠፋል። በዚህ ምክንያት የሚደውልለት ሰው እንደቀነሰ አልደበቀንም። በቅርቡ ከኩዌት አንዲት ሴት ደውላ፣ የቤቴሉን ቤት ከመግዛቷ በፊት የውኃና የመብራት ቆጣሪውን፣ የጎረቤቱን አጥርና ዝናብ ሲዘንብ መንገዱን ቀርጾ እንዲልክላት ጠየቀችው። ዝናቡን አራት ቀን ጠብቆ ቀረጸላት። በአምስተኛው ቀን ወንድሟ ሜትር ይዞ መጣና ክፍሎቹን አንድ በአንድ ለካ፤ ማስታወቂያው ላይ ከተጻፈው ስፋት ሁለት ካሬ ጎደለ። ልጁም እዚያው ቆሞ ስልኩን አወጣና ቁጥሩን አስተካከለ።